«ተመለሺ» ያላለችኝ እንግዳ

ጻፊው ያሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ባለፈው እሁድ ከቸርች ተመልሰን ምሳ ስንበላ ይህን ነገር አንስቼ እንደ ልማዴ ስናደድ፣ ትልቋ የልጅ ልጄ ሊዲያ «አያቴ፣ ሁልጊዜ ግማሹን ብቻ ነው የምትነግሪን፤ እስቲ አንዴ ከመጀመሪያው ጀምረሽ ጨርሺው» አለችኝ። እኔ ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት ካገባሁ በኋላ ባለቤቴ ከመዝሙር መጽሐፍ እያሳየኝ ነው። ስሕተት ካያችሁ እለፉት።

ነገሩ ከሆነ ስድስት ዓመት አልፎታል። የሆነው ፈረንሳይ አገር ነው። ያቃጠለኝ ግን እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ጆበርግ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ ነው።

የምኖረው ሜይፌር በሚባል ሰፈር ከልጄ ከታደሰ ጋር ነው። እሱ ከከተማ ወጣ ብሎ ካትሌሆንግ ሱቅ አለው፤ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። እኔ ደግሞ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም። ያደግኩት ከዱራሜ ወጣ ባለ ገጠር ነው፤ ውኃውም፣ ገበያውም፣ ለቅሶውም በእግር ነው። ጆበርግ ስመጣ ሁሉም «ብቻሽን እንዳትሄጂ» አለኝ። እኔ ግን እሄድ ነበር። ከሜይፌር ተነስቼ የሐበሻ ገበያ ያለበት ጀፕ ድረስ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። የሱማሌዎቹ ሱቅ ያሉት ሴቶች ያውቁኛል። ታክሲ የሚጠብቁት ጎረምሶች «ሳዎቦና ጎጎ»፣ ሰላም አያቴ፣ ይሉኛል፤ «ዬቦ»፣ አዎ፣ እላቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ቦርሳዬን ቀምተውኛል፤ ውስጡ የነበረው መነጽሬና ግማሽ ዳቦ ነው። መነጽሩ እስካሁን ያሳዝነኛል።

ሴቷ ልጄ ማርታ ደግሞ ፈረንሳይ ነው ያለችው። አረጋውያንን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ትሠራለች። ለሦስት ወር ነይልኝ ብላ ቪዛውን ጨርሳ ወሰደችኝ።

ቤቷ ከከተማ የራቀ ገጠር ውስጥ ነው። ከጓሮው ጀርባ አንድ መንገድ ያልፋል። ድሮ ባቡር ይሄድበት ነበር አሉ። ሐዲዱን ነቅለው ነጭ ጠጠር አልብሰውታል፤ እንደ እኛ አገር ፒስታ ማለት ነው፣ ግን ጉድጓድ የለውም። መኪና እንዳይገባ መግቢያው ላይ ወፍራም የእንጨት ምሰሶ ተክለዋል። የሚያልፍበት እግረኛና ብስክሌት ብቻ ነው። ግራና ቀኙ በቆሎ ነው፣ ሱፍ ነው፣ የሚያመነዥኩ ላሞች ናቸው። በየኪሎሜትሩ ቁጥር የተጻፈበት አጭር ድንጋይ አለ።

ጆበርግ ስሄድ በየአሥር እርምጃው ዞር እላለሁ። ካልዞርኩ ሌባ አንገቴን የሚይዘኝ ይመስለኛል። እዚያ መንገድ ላይ በሦስተኛው ቀን ዞር ሳልል እንደ ዋልኩ ማታ ላይ ትዝ አለኝ። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ ማን ይመልሰኛል። ማርታ ጠዋት ትወጣለች፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ትመለሳለች፤ እኔ በመካከሉ ጠጠሬን ስረግጥ እውላለሁ። ብስክሌት የሚነዱት በጎኔ ሲያልፉ «ቦንዡር» ይሉኛል። እኔም በአፌ የመጣልኝን «ሳዎቦና» እመልሳለሁ። አንዳንዶቹ ወደ ኋላ እየዞሩ በፈገግታ ያዩኛል።

በሁለተኛው ወር አንድ ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ከጓሯችን አጥር ሥር አንዲት ሴት ብስክሌቷን ገልብጣ ጠጠሩ ላይ ተቀምጣለች። ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አያንስም። ሽበቷን እንደ ወንድ አሳጥራዋለች። ብስክሌቱ ላይ ግራና ቀኝ የሚንጠለጠሉ ሁለት ቀይ ሻንጣዎች አውልቃ አጠገቧ አስቀምጣለች። ጎማዋ ተንፍሶባታል። ካላማዳሪውን አውጥታ፣ ነፍታ፣ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ ታዳምጣለች። ነፋሱ አላሰማ ብሏታል።

ይህ ለእኔ አዲስ አይደለም። ባለቤቴ ወንጌላዊ ነበር። በብስክሌት ነበር ከቀበሌ ቀበሌ የሚዞረው፣ በዚያ ሁሉ ኮረት ላይ። ጎማ ያልጠገነበት ሳምንት የለም። ሳፋውን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ምንም ሳልናገር ገብቼ የማርታን የልብስ ሳፋ ውኃ ሞልቼ ወጣሁ። ካላማዳሪውን ከእጇ ተቀብዬ ነከርኩት፤ ትንሽ በትንሽ አዞርኩት። ቡልቅ ቡልቅ ሲል በጣቴ ያዝኩላት። ሴትየዋ ጭኗን መትታ ሳቀች። እሷ ፈገፈገች፣ እሷ ለጠፈች፣ እኔ ተጭኜ ያዝኩ። ሁለት የማይግባቡ አሮጊቶች ጎማ ጠገንን።

እጇ በጎማ ጠቁሯል። ታዲያ እንዲህ ሆና ትሂድ? እጇን ይዤ አስገባኋት። ታጠበች። የምስር ወጥ ነበር፣ በዳቦ አቀረብኩላት። ሳህኑን እስኪያበራ ጠረገችው። እሷ ስትጨርስ ሳህኑን አጥቤ፣ አድርቄ መደርደሪያው ላይ መለስኩ። ዕቃ ሳላጥብ ከቤት አልወጣም። ይህ ልማዴ በኋላ ጉድ ሠራኝ።

አሁን እዚህ ላይ ልብ በሉልኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ከበር አይሰናበትም። ይሸኛል። ዕቃውን ተቀብለህ ትይዝለታለህ፣ መንገድ ታስገባዋለህ። ተመለስ የሚለው እንግዳው ነው። «ይበቃል፣ ተመለስ» ይልሃል፣ አንተ «ትንሽ ልቀጥል» ትላለህ፤ ደግሞ ይለምንሃል፣ በመጨረሻ በግድ ይመልስሃል። እሱ ሳይል ከተመለስክ «ሂድልኝ፣ ልገላገል» እንደ ማለት ነው። እኔ በዕድሜዬ እንግዳው ሳይመልሰኝ ተመልሼ አላውቅም።

ከሻንጣዎቹ ሌላ አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ነበረቻት። እሷን ነጠቅ አድርጌ ትከሻዬ ላይ አንጠለጠልኩና ቀድሜ ወጣሁ። ጠዋት ጠዋት ዕቃ የጫኑት ብስክሌቶች ሁሉ ወደ ግራ ነው የሚሄዱት፤ እኔም ወደ ግራ ታጠፍኩ። ሴትየዋ ትንሽ ቆመች። ግራና ቀኙን አየች። ከዚያ ብስክሌቷን አዙራ እየገፋች ተከተለችኝ።

ለምን አትነዳውም ብዬ አልተገረምኩም። እኔን አክብራ ነው አልኩ።

አንደኛውን ድንጋይ አለፍን። ሁለተኛው ላይ ቀዝቀዝ አልኩላት፣ ተመለሺ እንድትለኝ። እሷም ቀዝቀዝ አለች። ቋንቋዋን ባላውቅም እኮ እጇን ብታወዛውዝ ይገባኝ ነበር። ምንም የለም። ፈገግ ትልልኛለች፣ ትሄዳለች። ሦስተኛው ላይ ከመንገዱ ዳር ካለ ዛፍ ፕለም ለቅማ ሰጠችኝ፤ እየበላን ሄድን። አራተኛው ላይ ባቡሩ ያልፍበት የነበረ ዋሻ አለ። የብስክሌቷን መብራት አብርታ በእኔ በኩል አደረገችልኝ። አምስተኛው ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን አረፍን። ስልኳን አውጥታ አወራች። ስታወራ እኔን ታያለች። አየኋት እኔም።

ከስድስተኛው በኋላ ጉልበቴ ጀመረኝ። ምን ዓይነት ሴት ናት አልኩ በልቤ። አሮጊት እንዲህ እያነከሰች ስትሸኛት አንድ ቃል አይወጣትም? እሷ ደግሞ ስታነክሺ አየሁ ብላ የብስክሌቱን ወንበር ትጠቁመኛለች፣ ላስቀምጥሽ ነው። እምቢ አልኩ። ሸኚ በእንግዳ ብስክሌት ላይ ተቀምጦ ይሸኛል እንዴ።

ሰባተኛው ድንጋይ ጋ ስንደርስ የመኪና ድምፅ ሰማሁ። መኪና በማይገባበት መንገድ። ጠጠሩን እያንኳኳ መጥቶ ፊታችን ቆመ፤ ፖሊስ ነው። ሁለት ወጣቶች ወረዱ። አንደኛው ስልኩን አሳየኝ። የእኔ ፎቶ ነው። ፎቶዬን ከየት አመጡት ብዬ ያን ጊዜ ማሰብ ነበረብኝ። ንዴት ግን ማሰብ ይከለክላል። እኔ ያየሁት አግዳሚው ላይ እኔን እያየች ስትደውል የነበረችውን ሴት ብቻ ነው።

በክርኔ ያዙኝ። በሃምሳ ዓመቴ ባል ስቀብር እንኳ ማንም ደግፎኝ አያውቅም። አንዱ መኪናው ውስጥ ሲያስገባኝ እጁን ራሴ ላይ ጫነ። ጀፕ ላይ ሌባ ሲይዙ እንዲህ ሲያደርጉ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ሴትየዋ ጮክ ብላ ታወራቸዋለች፣ እጇን ታወናጭፋለች። አይሰሟትም። እኔ አስመሳይ ናት አልኩ። ቦርሳዋን ከመግባቴ በፊት ብስክሌቷ መሪ ላይ ሰቅዬላት ነበር። ወደ መስኮቱ መጣችና እጇን ዘረጋችልኝ። እጇ እስከ ክርኗ በመስኮቱ ገብቷል።

አልጨበጥኳትም። ፊቴን አዞርኩ።

ቤት ስደርስ ማርታ በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች።

«እማዬ፣ የት ሄደሽ ነው?»

«እንግዳ ስሸኝ።»

«የምን እንግዳ?»

ነገርኳት። ጎማው፣ ሳፋው፣ ምስሩ። ወጥ ቤት ገብታ አየች። አንድ የቆሸሸ ሳህን የለም። ማጠቢያው ደርቋል። ሳፋው ቦታው ላይ ተደፍቷል። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ በርከክ አለች፣ እጄን ያዘች።

«ማንም አልመጣም እማዬ። እሺ? ደክሞሽ ነው።»

ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን ሥራ ቦታዋ ወስዳኝ ሰምቼዋለሁ። ራሳቸውን ለማያውቁት ሽማግሌዎች የምታወራበት ድምፅ ነው። ልጄ፣ ጡቴን ያጠባኋት፣ በዚያ ድምፅ ስታወራኝ ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ፖሊሶቹ ከሴትየዋ ጋር ነበረች አላሉሽም ወይ ብዬ ጠየቅኳት። ከአንዲት መንገደኛ ጋር አገኘናት ነው ያሉት፤ ጠፍተሽ መንገድ ላይ አግኝታ የያዘችሽ ሰው ናት አለችኝ።

በሳምንቱ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ይጠይቃል፣ እሷ ታስተረጉማለች። ዓመተ ምሕረቱ ስንት ነው አለኝ። በእኛ ቆጠራ ተናገርኩ። ስንት ሰዓት ይመስልሻል አለኝ። አራት ሰዓት አልኩት፤ አራት ሰዓት ነበር፣ ለእነሱ ግን አሥር ነው። ከመቶ እየቀነስሽ ቁጠሪ አለኝ። ቀጥሎ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ፣ የሰዓት ሥዕል ሣይልኝ አለ። በሕይወቴ ምንም ሥዬ አላውቅም። እርሳስ የያዝኩት ፊደል ስማር ነው። የወጣልኝ ድንች የመሰለ ነገር ነው። ሐኪሙ ድንቹን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ማርታ እንባዋን ዋጠች። እኔ ትምህርት ቤት አልገባችም በዪው እላታለሁ፣ እሷ እሺ እሺ ትለኛለች። አለችው አላለችው፣ እግዜር ይወቅ።

የመርሳት በሽታ አለባት ብሎ ወረቀት ጻፈ። ያ ወረቀት ከእኔ በፊት ጆበርግ ደረሰ።

አውሮፕላን ጣቢያ ታደሰ ሲቀበለኝ ሻንጣዬን ሳይሆን ክንዴን ያዘኝ። ያኔ ገባኝ። ሜይፌር ቤታችን የብረት በር አለው፤ ቁልፉ ድሮ ሚስማር ላይ ይሰቀል ነበር። ሚስማሩ ባዶውን ነው። ልጄን አልወቅሰውም፤ «እማዬ፣ እዚህ አገር ጤነኛ ሰውም አይወጣም» አለኝ። ጤነኛ ሰውም። ይህችን ቃል አራት ዓመት ስመነዝራት ኖርኩ።

አራት ዓመት ከበሩ ወዲህ ነበርኩ። እሁድ ቸርች በመኪና፣ ተመልሶ ቤት። ወጥ ላይ ጨው ብረሳ ተያይተው ዝም ይላሉ። እነሱ ሲረሱ ግን መርሳት ብቻ ነው። የቸርች ሴቶች ጮክ ብለው፣ ቀስ ብለው ያወሩኛል። አንዱ ጎልማሳ፣ ዱራሜ እያለን ከእናቱ ሆድ በእጄ የተቀበልኩት፣ ፊቴ ላይ ጎንበስ ብሎ «እማማ፣ ያውቁኛል?» አለኝ። «አውቅሃለሁ፣ በእግርህ ነው የመጣኸው፣ አስጨንቀኸን ነበር» አልኩት። ሰዉ ሳቀ። ታደሰ ግን አልሳቀም፤ ዛሬ ደህና ቀኗ ነው ብሎ ነው ያሰበው፣ ከፊቱ አየሁት።

ያን ሁሉ ጊዜ የምረግመው ያችን ሴት ነው። ከእጄ በልታ፣ ተሸኝታ ተሸኝታ ለፖሊስ የሰጠችኝ። ማታ ስጸልይ ሁሉንም ይቅር እላለሁ፣ እሷ ጋ ስደርስ እዘላታለሁ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ማርታ ለሊዲያ ምረቃ መጣች። በሁለተኛው ቀን ሽንኩርት አልቆብኝ ቁልፉን ስጠኝ አልኩት ታደሰን፤ የሰፈሩ ሱቅ ከበራችን ትይዩ ነው። «ለምን? እኔ አመጣለሁ» አለና ወጣ። ቆልፎብን ሄደ። ማርታ በሩን አየች። እኔን አየች። ከሰል መሰለች። ይህን ያህል መሆኑን አታውቅም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ ፖሊስ የጠራሁት እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገረችኝ።

ያን ቀን ፈረቃ ተቀይሮላት በጊዜ ገብታለች። ቤቱ ባዶ ነው። ስልኬ ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ይጮኻል። እናቴ የመርሳት ችግር አለባት ብላ ለፖሊስ የነገረችውም፣ ፎቶዬን የላከችውም እሷ ናት። ሐኪሙ ገና ሳያየኝ።

ይህስ ይሁን። ፈርታ ነው። ልጅ ናት። ግን ቀጠለች። እኔ ወደ ጆበርግ በተመለስኩ በሁለተኛው ሳምንት በሯ ተንኳኳ። አጭር ሽበት ያላት ሴት፣ ብስክሌት ይዛ፣ በጠርሙስ የፕለም ማርማላታ ይዛ። እናትሽ አለች ወይ ብላ ጠየቀቻት። ምስር አበልታኛለች አለች። በሁለት እጇ ሳፋ ሠርታ፣ ካላማዳሪውን ስነክር አሳየቻት።

«ከዚያስ ለታደሰ ለምን አልነገርሽውም?»

«አፈርኩ።»

«አራት ዓመት አፈርሽ?»

«ሐኪሙ ጽፏል፣ ታደሰ አምኗል። ዛሬ ነገ ስል...»

አልጮህኩም። መጮህ አይሆንልኝም። ወንድምሽን ጥሪውና በፊቴ ንገሪው አልኳት። ነገረችው። ታደሰ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ወደ ውጭ ወጣ። በማግስቱ ሚስማሩ ላይ ተሰቅሎ አገኘሁት።

ወጣሁ። ወደ ጀፕ አቅጣጫ ሄድኩ። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ እግሬ ተንቀጠቀጠ፤ የሰው ደጃፍ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ዓመት የተቀመጠ እግር ነው። ቁልፉን መለሱልኝ፣ እግሬን ግን ማን ይመልስልኛል። አሁን የምችለው ከሱቆቹ እስከ መስጊዱ ነው። ጎረምሶቹ ተለውጠዋል፤ አዲሶቹም ግን «ጎጎ» ይሉኛል።

ፓስተራችን ይቅር በዪ ይለኛል። ብያለሁ። በአፌ ብያለሁ፣ ማርታ ስትደውልም አነሳለሁ፣ ልጄ ናት። በሩ ጋ ደርሼ ቁልፉ ሲንቃጨል ግን ያ ነገር እንደገና ይነዳል። ፈርታ ፖሊስ መጥራቷ አይደለም የሚያናድደኝ። እንግዳዬ በሯ ድረስ መጥታ ስትመሰክርልኝ አፏን መዝጋቷ ነው። ማርማላታውንም በልታዋለች። የሴትየዋን ስም አልጠየቀችም። ያን ቀን የነፈግኳትን እጄን የምልክበት አድራሻ የለኝም።

ማርታ ስትመለስ አውሮፕላን ጣቢያ ሸኘኋት፤ ተሳፋሪ ብቻ የሚያልፍበት በር ድረስ። ቦርሳዋን ይዤላት ነበር። «ይበቃል እማዬ፣ ተመለሺ» አለችና ተቀበለችኝ። ጥቂት ሄዳ ተመለሰች። ሴትየዋ በሬ ላይ ከነገረችኝ አንድ ነገር አልነገርኩሽም አለችኝ።

ሴትየዋ ያን ቀን ስትሄድ የነበረው ወደ ቀኝ ነው። ሰዎች ምሳ አዘጋጅተው ይጠብቋት ነበር፤ አግዳሚው ላይ የደወለችው ለእነሱ ነው፣ አልደርስም ለማለት። ቦርሳዋን ይዤ ወደ ግራ ስታጠፍ የሆነ ቦታ የምሄድ መስሏት፣ ብቻዬን ጥላኝ መሄድ ነውር ሆኖባት ነው ብስክሌቷን ያዞረችው። ሰባቱንም ድንጋይ እሷ ናት ስትሸኘኝ የነበረችው።